አደይ ከረገፈ በኋላ

በመስከረም የመንዝን ደጋ ላየ ሰው ንብ ትራባለች ቢሉት ለማመን ይቸግረዋል። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ ባለው አገር አደይ አበባ የማሳውን ወሰንና የመንገዱን ዳር ቢጫ ያለብሰዋል፤ በግጦሹ ላይ ማገጥ ያብባል፤ ባቄላውም ነጭና ጥቁር አበባውን እንደያዘ ነው። ቀፎ ያለው ገበሬም የጥቅምትና የኅዳርን ማር የሚጠብቀው ከዚሁ በረከት ነው። ስለዚህ ለንብና ለሌሎች አበባ ቀሳሚ ነፍሳት የሚሆን ተክል በጓሮ ይተከል ሲባል፣ ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ይህንኑ የመስከረም ውበት ወደ ደጃፉ ማምጣትን ነው። እኔ ግን ከመስከረም ላይ ተጨማሪ መስከረም መትከል ለነፍሳቱ የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው እላለሁ። የጓሮ ተክል መመረጥ ያለበት በአበባው ማማር ሳይሆን በሚያብብበት ወር ነው፤ የሚፈለገውም ወር ሌላው ሁሉ የሚደርቅበት ወይም በዝናብ የሚዘጋበት ነው።

ምክንያቱን ለማየት የንብን ዕድሜ ማስላት ይበቃል። ሠራተኛ ንብ እንቁላሏ ከተጣለበት ቀን ጀምሮ ክንፍ አውጥታ ከማር እንጀራው ቀዳዳ እስክትወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል። ከዚያም ሦስት ሳምንት ያህል በቀፎው ውስጥ ታገለግላለች፤ እጭ ትመግባለች፣ ሰም ታወጣለች፣ ታጸዳለች፣ በር ትጠብቃለች። አበባ ለመቅሰም የምትሰማራው በዕድሜዋ ማብቂያ ነው። ይህ ሲደመር ስድስት ሳምንት ይሆናል። እንግዲህ በመስከረም አጋማሽ በአደይ ላይ የምናያት ንብ እንቁላሏ የተጣለው በነሐሴ መጀመሪያ፣ የፍልሰታ ጾም በተያዘበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ወደ ቀፎው የሚገባ የአበባ ብናኝ ከሌለ፣ እጩ የሚያድግበት ምግብ ስለማይኖር ንግሥቷ እንቁላል መጣሏን ትቀንሳለች። የአበባ ወለላ ጉልበት ነው፤ ብናኝ ግን ሥጋ ነው፣ እጭ ያለ እሱ አያድግም። በነሐሴ የተራበ መንጋ መስከረም ሲጠባ ሜዳው ሁሉ በወለላ ቢሞላ እንኳ የሚቀስምለት ሠራተኛ በቂ አይሆንም። የመስከረም ማር የሚወሰነው በነሐሴ ነው ማለት ነው። ገበሬውም ይህን ከራሱ ኑሮ ያውቀዋል፤ ጎተራው በሐምሌና በነሐሴ የተራቆተበት ቤት በኅዳር አዝመራ ላይ ጉልበቱ እንደሚደክመው ማለት ነው።

በመንዝ ደጋ እንዲህ ያለው ጭንቅ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንደኛው ይኸው የክረምቱ እምብርት ነው፤ አበባ ቢኖርም ዝናቡ ወለላውን ያጥበዋል፣ ቅዝቃዜው ንቧን ከቀፎ ያስቀራታል። ሁለተኛውና የሚረዝመው አደይ ከረገፈ በኋላ ያለው በጋ ነው። ውርጩ ከጥቅምት ጀምሮ ሜዳውን ያቃጥለዋል፤ ከታኅሣሥ በኋላ የሚታየው ደረቅ ሣርና ገለባ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የበልግ ዝናብ ከጣለ መሬቱ ቶሎ አንሰራርቶ ጥቂት አበባ ያወጣል፤ በልጉ ሲቀር ግን ረኀቡ እስከ ክረምት ይዘልቃል። የበልግ መቅረት በመንዝ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለመንዝ ሰው መንገር አያሻም። ንብ አናቢዎች መንጋ ኮበለለብን የሚሉት በአብዛኛው እንዲህ ባለው የረኀብ ወቅት ነው። ንቧ የምትሄደው ባለቤቱን ጠልታ አይደለም፤ ወደ ጀማ ሸለቆና ወደ መርሐቤቴ ቆላማ ወገብ ዝቅ ቢሉ የሚያብብ ነገር ስለማይጠፋ ነው።

በዚህ ላይ የከፍታው ብርድ አለ። ሞላሌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የማር ንብ አየሩ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ለመብረር እጅግ ትቸገራለች፤ ስለዚህ በበጋው ውርጭ ጠዋት ፀሐይ እስክትሞቅ ቀፎ ውስጥ ትቆያለች፣ ከሰዓት በኋላም ነፋሱና ጥላው ሲመጣ ቶሎ ትመለሳለች። በቆላ ያለች ንብ ከማለዳ እስከ ማታ ልትሠራ ትችላለች፤ የደጋዋ ንብ የምትሠራበት ሰዓት ጥቂት ነው። ጥቂት ሰዓት ላላት ፍጥረት ርቀት ትልቅ ዋጋ አለው። የማር ንብ ሲቸግራት ብዙ ኪሎ ሜትር መብረር ብትችልም፣ ለጉዞው የምታቃጥለው ወለላ ይዛ ከምትመለሰው ከበለጠ ጉዞው ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ ነው የጓሮ ነገር ከባድ ሚዛን የሚያነሣው። በብርድ አገር ከቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት የምታብብ ቁጥቋጦ በሩቅ ተራራ ላይ ካለ ሰፊ ሜዳ ልትበልጥ ትችላለች። የመንዝ ቤትና አጥር ደግሞ ከድንጋይ የተካበ ነው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ ደቡብን የሚመለከተው የካብ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ሥሩ የተተከለ ነገር ከውርጭ ይድናል፣ ነፍሳቱም እዚያው ቀድመው ይነቃሉ።

እስካሁን ስለ ማር ንብ ብቻ ስናገር ቆየሁ፤ አበባ የምትቀስመው ግን እሷ ብቻ አይደለችም። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹ ቀፎም ንግሥትም የላቸውም፣ እያንዳንዷ እናት በአፈር ጉድጓድ ወይም በድንጋይና በእንጨት ሽንቁር ብቻዋን ልጆቿን ታሳድጋለች። በአገራችን የምትታወቀው ጣዝማም መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ ሌላ ንብ ናት። በአውሮፓ ብርዳማ ቦታዎች የባቄላን አበባ በብዛት የሚያራክበው ባምብልቢ የሚባለው ጸጉራም ትልቅ ንብ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ አይገኝም፤ በእኛ ደጋ የእሱን ሥራ የሚሸፍኑት የማር ንብ፣ ብቸኛ ኑሮ የሚኖሩት ንቦች፣ ቢራቢሮዎችና ዝንቦች ናቸው። ከዝንቦቹ መካከል ንብ የሚመስለውና በአየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚያንዣብበው ዝንብ ልዩ ምስጋና ይገባዋል። ያደገው ዝንብ ወለላና ብናኝ ሲበላ አበባ ያራክባል፤ የብዙዎቹ ዝርያዎች እጭ ደግሞ የገብሱንና የባቄላውን ክሽክሽ እየለቀመ ይበላል። እነዚህ ትንንሽ ነፍሳት እንደ ማር ንብ ሩቅ አይበሩም፣ የሚያስቀምጡት የማር ጎተራም የላቸውም። የአንድ ወር የአበባ ክፍተት ለእነሱ የዘር መጥፋት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የመንዝ ገበሬ በቅንነት ሊጠይቅ የሚችለው ነገር አለ። የእኛ እህል ገብስ ነው፤ ገብስ ደግሞ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ስለሆነ ንብ ኖረች አልኖረች ያፈራል፤ ስንዴውም እንዲሁ ነው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? ስለ ገብሱና ስለ ስንዴው የተባለው እውነት ነው፣ ሊሸፋፈንም አይገባም። ይሁን እንጂ ገብሱ ለብቻው አይኖርም። መሬቱ እንዳይዝል ከገብስ ጋር የሚፈራረቀው ባቄላ ነው፤ ናይትሮጅን ወደ አፈሩ የሚመልሰው፣ ጾም ሲገባ ገበታውን የሚይዘው እሱ ነው። ባቄላ ከፊሉን ራሱን ቢያዳቅልም ነፍሳት ሲጎበኙት የሚይዘው ፍሬ ይጨምራል፤ በተለያዩ አገሮች አበባው በመረብ ተከልሎ ሲሞከር ምርቱ የሚቀንስበት መጠን እንደ ዝርያው ይለያያል እንጂ መቀነሱ በተደጋጋሚ ታይቷል። ዱባማ ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ስለሆነ ያለ ነፍሳት ፈጽሞ አያፈራም። በጨንቻ ደጋ ስሙ የገነነው፣ በሌሎችም ደጋማ ወረዳዎች የሚሞከረው አፕል አብዛኛው ዝርያው ከሌላ ዝርያ ብናኝ ካልመጣለት ፍሬ አይይዝም። በጎቹ የሚግጡት ማገጥም ቢሆን ዘር እንዲጥል ንብ ይጎበኘዋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሰፊ ጥናት ከመረመራቸው 115 ዋና ዋና የምግብ ሰብሎች 87ቱ በተለያየ መጠን በእንስሳት ርክበ ብናኝ እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። መንዝ በገብስ የሚኖር አገር መሆኑ ከዚህ ሒሳብ አያስወጣውም፤ ገብሱን የሚደግፈው ሌላው ሁሉ በነፍሳት እጅ ነው።

ታዲያ ምን ይተከል? በዚህ ጉዳይ አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ለረጅም ዓመታት የንብ ቀለብ የሆኑ እፅዋትን አጥንቷል፤ ራይንሃርት ፊክትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ እፅዋት መጽሐፍም ወደ 500 የሚጠጉ ዕፅዋትን ይዟል። ለሞላሌ ከፍታ የሚሆነው ግን ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ነው፤ ውርጩ ያጣራዋል። ከጓሮው ቅጠላ ቅጠል ብንጀምር፣ የጥብስ ቅጠል የሚባለው ሮዝመሪ አንዴ ሥር ከያዘ ድርቅ ይችላል፣ ቀለል ያለ ውርጭም አይገድለውም፣ በዓመቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ አበባ ያወጣል። ንብ አብዝታ የምትወደው ነው፤ ለማእድ ቤትም ስለሚፈለግ የጓሮ ቦታ ይበላል ብሎ የሚቆጭ አይኖርም። ጦስኝ ከዚህ ይልቅ የራሳችን ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚበቅል ሲሆን የመንዝ ተራሮችን የሚወድ ዕፅ ነው፤ ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ሐምራዊ አበባውን ሲያወጣ አደይ ከመርገፉ በኋላም ይቆያል። ዛሬ ጦስኝ በአብዛኛው የሚለቀመው ከዱር ነው፤ ብዙ ጊዜም ከነሥሩ እየተነቀለ ለገበያ ይወጣል። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል በቀላሉ ሥር ስለሚያወጣ በካቡ ጥግ በጓሮ መያዙ ለንቡም ለዱሩም እፎይታ ነው።

ከሁሉ የሚቀለውና ገንዘብ የማይጠይቀው ግን ጎመን ነው። የሐበሻ ጎመን ብርድ ይችላል። እንዲያብብ ከተፈቀደለት የሚያወጣው ቢጫ አበባ ወለላም ብናኝም የሞላበት ነው። ችግሩ ሁሉም ቅጠሉ እየተቀነጠሰ፣ ግንዱ ሲጠነክርም እየተነቀለ ለከብት መሰጠቱ ነው። ከአሥር ግንድ ሁለቱ እንዳይነኩ ቢተዉና በዕቃ ማጠቢያ ውኃ ቢጠጡ ሜዳው በደረቀበት በጥር ያብባሉ፣ ለከርሞም ዘር ይሰጣሉ። ድንብላልና እንስላልም እንዲሁ ናቸው፤ አበባቸው ጥቃቅንና ክፍት ስለሆነ በተለይ አጭር ምላስ ላላቸው ዝንቦችና ትንንሽ ንቦች ይመቻል። ዝቅ ብሎ በሚገኘው ወገብ፣ ውርጩ በማይበረታበት፣ ግራዋ በጥርና በየካቲት ነጭ አበባውን ስለሚያወጣ ቦታውን በሚገባ ይሞላል።

የበጋው ዋና ምሰሶ ግን ዛፍና ቁጥቋጦ ነው፤ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ዝናብ ሳይጠብቅ ያብባል። ኮሶ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ያብባል፤ ለዚህ ከፍታ የተፈጠረ ዛፍ ነው፣ በየደብሩ ቅጥር ግቢም ተርፎ ይታያል። ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ላይ ስለሆነ ሁለቱንም መትከል ይገባል። የሚያድገው በዝግታ ነውና ኮሶ የሚተክል ሰው ለልጁ እንደሚተክል ይወቅ። ቶሎ የሚደርሰው ትሪ ሉሰርን ነው። ከካናሪ ደሴቶች የመጣ ቁጥቋጦ ሲሆን በበጋ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፣ ቅጠሉ ለበግ ጥሩ መኖ ነው፣ ነጭ አበባውን ንብ ትወደዋለች። በሰሜን ሸዋ ባሶና ወራና ወረዳ የአፍሪካ ራይዚንግ ፕሮጀክት ከገበሬዎች ጋር ሆኖ ሞክሮታል። እዚህ ላይ የበጉና የንቡ ፍላጎት ይጋጫል፤ ለመኖ በየጊዜው የሚታጨድ ቁጥቋጦ አበባ ሊያወጣ አይችልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ረድፉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ሲታጨድ ግማሹ እንዲያብብ ማድረግ። ከውጭ የመጣ ተክል መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም፤ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ከማሳ ወጥቶ ዱር የገባ ነው። ስለዚህ በጓሮና በእርከን ላይ እንጂ እንደ ጓሳ ባለ የተጠበቀ አካባቢ ዳር መተከሉን አልደግፍም።

ባሕር ዛፍ አለ አይደለም ወይ የሚል ክርክር ይነሣል። ባሕር ዛፍ በእውነትም ከአገራችን ትልልቅ የማር ምንጮች አንዱ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ለማበብ ጥቂት ዓመታት ማደግ ይፈልጋል፤ የመንዝ ሰው ደግሞ ለቤት ማገርና ለገበያ የሚፈልገው ቀጭኑን አጣና ነው። ገና ሊያብብ ሲል ይቆረጣል፣ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ይቆረጣል። ዳገቱ በባሕር ዛፍ ተሸፍኖ ንቧ የምትቀስመው አበባ ላይኖር ይችላል። የፈረንጅ ጥድ አጥር ከዚህም ያነሰ ነው፤ ጥድ ብናኙን የሚበትነው በነፋስ ስለሆነ ወለላ የለውም። በየከተማው ጎጆ ዙሪያ የሚታየው የተከረከመ የጥድ አጥር በቀጋ ቢተካ እሾኩ ከብት ያግዳል፣ ፍሬው ለልጆች ነው፣ ነጩ አበባው ለነፍሳት ክፍት ነው። ቀጋን ከገበያ ጽጌረዳ ጋር ማነጻጸር የአበባን አመራረጥ ያስተምራል። ቀጋ አምስት የአበባ ቅጠል ያለው፣ መሐሉ በቢጫ ብናኝ የተሞላ ነው። በማዳቀል ቅጠሉ እንዲደራረብ የተደረገው ጽጌረዳ ብናኝ አፍሪው ክፍል ወደ ቅጠልነት የተለወጠበት ስለሆነ ነፍሳቱ ከእሱ የሚያገኙት ጥቂት ነው። ለዓይን የበለጸገው አበባ ለንብ ደሃ ሊሆን ይችላል። ንብ ቀይ ቀለምን አጥርታ እንደማታይም ስናስብ፣ በየደጃፉ በቆርቆሮ የሚተከሉት ቀያይ አበቦች ለእኛ እንጂ ለእሷ የተተከሉ አይደሉም።

ንብ ልጅና ከብት ትነድፋለች የሚለው ስጋት ችላ የሚባል አይደለም፤ የአገራችን ንብ ቁጡ ናት። ይሁን እንጂ ንብ የምትቆጣው ለቀፎዋ ነው። አበባ ላይ ያለች ንብ ካልጨበጧት ወይም ካልረገጧት በስተቀር ሥራዋን ትሠራለች። የቀፎው ቦታ ከከብት መታሰሪያና ከሰው መተላለፊያ ይራቅ፤ አበባው ደግሞ በካቡ ጥግ፣ ከበሩ ፈንጠር ብሎ ይሁን። ከዚህ የሚበልጠው አደጋ ከሰው ወደ ንብ የሚሄደው ነው። በእህል ማሳ ላይ የሚረጨው 2,4-ዲ የተባለው ፀረ አረም መድኃኒት አረም የሚላቸው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዕፅዋት ለንብ ቀለብ የሆኑት ናቸው፤ አደይና ማገጥም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ገበሬው ማሳውን አያርም ማለት አይቻልም። ወሰኑንና የእርከኑን ጠርዝ ሳይረጩ መተው ግን ይቻላል። ተባይ ገዳይ መርጨት የግድ ሲሆንም ባቄላው ባላበበበት ጊዜ፣ ካልሆነም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ወደ ማታ ቢሆን ጉዳቱ ይቀንሳል። በአፈር ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ንቦች ስላሉም ጓሮው ሁሉ መቆፈርና መጠረግ የለበትም፤ በካቡ ሥር ፀሐይ የሚያገኘው ባዶ መሬት ሳይነካ ይተው።

ቦታና ውኃ የለንም ለሚሉም መልሱ ከላይ ካሉት ዕፅዋት አመራረጥ ውስጥ አለ። የተጠቀሱት ሁሉ አስቀድሞ ለምግብ፣ ለመኖ፣ ለመድኃኒት ወይም ለአጥር የሚፈለጉ ናቸው። ለንብ ብቻ ተብሎ የሚሰጥ መሬት አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው ከሚተከለው መካከል የሚያብብበት ወር እንዲታይ ነው። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ስንት ችግኝ ተተከለ፣ ስንቱ ጸደቀ የሚለው ይቆጠራል። የወረዳ ችግኝ ጣቢያዎች ከዝርዝራቸው ጎን እያንዳንዱ ዛፍ የሚያብብበትን ወር ቢጽፉና ከባሕር ዛፍና ከጥድ ጋር ኮሶና ቀጋ ቢያፈሉ ወጪው ብዙ አይጨምርም። የቤት ባለቤትም ጣቢያዎቹ ይህን እስኪያደርጉ መጠበቅ የለበትም። የጦስኝና የጥብስ ቅጠል ቅርንጫፍ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ዝናቡ ሳለ ቢተከል ሥር ይይዛል፤ በመስከረም የተዘራ ጎመን በጥር ለማበብ ይደርሳል፤ ከጎረቤት የሚለመን የዘር ቁንጥር ለዚህ ይበቃል።